32 አምፔሩ ብሬከር ሳይወርድ ሶኬቱ ይግላል፤ ኧርዝ ሊኬጁ ደግሞ በዝናብ ይወርዳል (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

የሽምብጥ ነዋሪ፦

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የቤቱን የመብራት ሥራ በ2006 ዓ.ም. የሠራው ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ ዱባይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሙያ ስለቆየ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ስፒና የሚቀበሉትን ሶኬቶች ከዚያው ይዞ መጥቶ ገጠማቸው። አሁን ተመልሶ ሄዷል፤ በስልክ ስጠይቀውም «የሶኬቱ መስመር ሪንግ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ቦርዱ ውስጥ ገብቷል» ከማለት በቀር ቱቦው በግድግዳው ውስጥ በየት በየት እንዳለፈ አያስታውስም። በመስመሩ ላይ አሥራ አንድ ሶኬቶች አሉ፤ ሁሉንም የሚጠብቃቸው አንድ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ምጣድ የሚሰካበት የኩሽናው ሶኬት ነው። ባለቤቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ሶኬቱ ይግላል፤ በግራ በኩል ያለው ቀዳዳ ዙሪያውን መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ አሁን ጭራሽ ፕላስቲኩ ተጨማድዷል። ቀደም ሲል የስፒናው ፊውዝ አልፎ አልፎ እየተቃጠለ ስላስቸገረን፣ ያስጠራነው ሠራተኛ በፊውዙ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ አስገባበት። ከዚያ ወዲህ የፊውዝ ነገር ተረሳ፤ ግለቱ ግን ባሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን 32 አምፔሩ ብሬከር አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።

ሁለተኛው ከሐምሌ ወዲህ የመጣ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ቁጥር ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ኧርዝ ሊኬጅ (ኃይል ወደ መሬት ሲሾልክ የሚቆርጠው መሣሪያ) ጠዋት ወርዶ እናገኘዋለን። ግራ ያጋባን ነገር፣ የሶኬቱን ብሬከር አውርደን ኧርዝ ሊኬጁን ብናነሣው እንኳ፣ የሻወሩን ውኃ ማሞቂያ ገና ስናበራው ተመልሶ መውረዱ ነው። ሠራተኛው «የሶኬቱ መስመር ጠፍቶ እያለ ስለሚወርድ ጥፋቱ ከሶኬት አይደለም፤ ኧርዝ ሊኬጁ ራሱ ስለተበላሸ አውጥተን በቀጥታ እናገናኘው» አለኝ። ይህን ለመቀበል ልቤ አልፈቀደም።

እኔ መምህር እንጂ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ሥራውን ለባለሙያ እሰጣለሁ። ነገር ግን ምን እንዲመረመር መጠየቅ እንዳለብኝ፣ ውጤቱንስ እንዴት እንደምረዳው ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ከዶሃ የተመለሰ፦

ወንድሜ፣ ልብዎ ያልፈቀደው በምክንያት ነው። በቤትዎ ውስጥ ሥራውን በትክክል እየሠራ ያለ ዕቃ ቢኖር ያ ኧርዝ ሊኬጅ ነውና በምንም ምክንያት እንዳያስወጡት። የምጣዱን ስፒና ግን ዛሬውኑ ይንቀሉት፤ መዳብ የተጠመጠመበት ፊውዝ ፊውዝ አይደለም።

ዶሃ ለዘጠኝ ዓመታት የሠራሁት በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ነው። ሪንግ የእንግሊዞች ሥርዓት ነው፤ ፊውዝ ያለው ባለ ጠፍጣፋ እግር ስፒና እ.ኤ.አ. በ1947 ደረጃ ወጥቶለት አብሮት የተስፋፋ ሲሆን፣ እነሱን ተከትለው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ወሰዱት። አሠራሩ ሽቦው ከብሬከሩ ተነሥቶ ሶኬቶቹን እየነካ ዞሮ እዚያው ብሬከር ላይ መመለሱ ነው፤ ኒውትራሉም (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) የመሬቱም ሽቦ እንዲሁ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶኬት ኃይል የሚያገኘው በግራም በቀኝም ነው። በቱቦ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ እንደ አቀማመጡ ከ20 እስከ 24 አምፔር ገደማ ብቻ የሚችል ሆኖ ሳለ በ32 አምፔር ብሬከር እንዲጠበቅ የተፈቀደውም ጭነቱን ሁለቱ ክንዶች ይካፈሉታል በሚል ብቻ ነው።

አደገኛ ጠባዩም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ቢበጠስ በሌላው ክንድ በኩል ኃይል ስለሚደርስ አንድም ሶኬት አይጠፋም፤ ቲቪው ይበራል፣ ፍሪጁ ይሠራል፣ ማንም አያውቅም። የአብዛኞቹ ምጣዶች ኃይል 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳሉ፤ ከጎኑ ባለ 2000 ዋት የውኃ ማፍያ ሲጨመር 25 አምፔር ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ሲወድቅ ሽቦው ይግላል፤ ብሬከሩ ግን ከ32 በታች ስለሆነ ምንም አይመስለውም።

የእርስዎ ሶኬት የቀላው በግራ ቀዳዳው በኩል ነው ብለዋል። በዚያ ዓይነት ሶኬት ከፊት ለፊት ሲያዩት ከታች በግራ ያለው ኒውትራል፣ በቀኝ ያለው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ነው። ስለዚህ ከኒውትራሉ ሽቦዎች አንዱ ብሎኑ ላልቶ ተቃጥሎ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ፌዙ ዙሩን እንደያዘ ኒውትራሉ ብቻ ሲበጠስ ኃይሉ በሁለት መንገድ መጥቶ በአንድ መንገድ ይመለሳል፤ በቴስተር የሚመረምር ሰው ደግሞ የሚያየው ፌዝን ብቻ ስለሆነ በጭራሽ አያገኘውም።

አሁን ወደ ምርመራው። ሁሉም ነገር የሚለካው ዋናው ማብሪያ ወርዶ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ኢንቨርተር ወይም ጄነሬተር ካለዎት እሱም ይለያይ፤ በከተማችን ይህን ረስቶ የተመታ ሰው አውቃለሁ። ኃይል አለመኖሩም በካቻቪቴ ቴስተር ሳይሆን ሁለት እግር ባለው የቮልቴጅ መለኪያ ይረጋገጥ፤ መለኪያው ራሱ እንደሚሠራ ከልኬቱ በፊትም በኋላም ኃይል ባለበት ቦታ ይሞከር። ከዚያ የሪንጉ ሁለት ጫፎች፣ ማለትም ሁለት ፌዝ፣ ሁለት ኒውትራልና ሁለት የመሬት ሽቦዎች፣ ከቦርዱ ይፈቱና ከየጥንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ኦም ይለካ። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.0074 ኦም ገደማ ስላለው 50 ሜትር የሚዞር ሪንግ 0.37 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ፌዙና ኒውትራሉም ከ0.05 ኦም በላይ ሊለያዩ አይገባም። አንዱ ጥንድ ጭራሽ ካላነበበ ዙሩ ተበጥሷል፤ ቢያነብም ከሌላው ብዙ ከበለጠ አንድ ቦታ የላላ ብሎን አለ። ተራ መልቲሜትር የገመዱን የራሱን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ስለሚጨምር፣ ሁለቱን ጫፎቹን አነካክቶ ያንን መቀነስ ግድ ነው።

ሦስቱም ዙሮች ሙሉ ከሆኑ በኋላ የአንዱ ጫፍ ፌዝ ከሌላው ጫፍ ኒውትራል ጋር፣ የቀሩትም ሁለቱ እንዲሁ ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ከዚያ በየሶኬቱ በፌዝና በኒውትራል መካከል ይለካል። ደህና ሪንግ በሁሉም ሶኬት ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም የሁለቱ ድምር ለአራት ሲካፈል ነው። ከሌሎቹ የበለጠ የሚያነብ ሶኬት ከዙሩ ላይ እንደ ቅርንጫፍ የተቀጠለ ነው ማለት ነው።

የዝናቡ ጉዳይ በእኔ ግምት ከኩሽናው የተለየ ጥፋት ነው። ሠራተኛው የተሳሳተው ብሬከሩ ሲወርድ መስመሩ ሙሉ በሙሉ የተለየ መስሎት ነው። ባለ አንድ ፖል ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ እዚያው እንደታሰረ ይቀራል። በዚያ መስመር ላይ ኒውትራል ከመሬት ሽቦው ጋር በእርጥበት ከተገናኘ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ሲበራ ከሚመለሰው ኃይል ጥቂቱ በዚያ ቀዳዳ ወደ መሬት ይሾልካል፤ ኧርዝ ሊኬጁም የሄደውና የመጣው ስለማይመጣጠን ይወርዳል። ጭነቱ በጨመረ መጠን የሚሾልከውም ይጨምራል፤ በማሞቂያው ጊዜ ፈጥኖ የሚወርደው ለዚህ ነው። ይህ የሚገኘው በሜገር (ኃይል በሽቦ ልባስ በኩል መሹለኩን በሚለካ መሣሪያ) ነው፤ ስፒና ሁሉ ተነቅሎ በ500 ቮልት ሲለካ ከ1 ሜጋኦም በታች ያነበበ መስመር የታመመ ነው። አሥራ አንዱንም ሶኬት ከመፍታት ይልቅ መሐል ላይ አንዱን ፈትቶ ለሁለት መክፈል፣ የታመመውን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ይደረስበታል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ በረንዳ ላይ ወይም በግቢው አጥር በኩል ሶኬት አለዎት?

እጀ ሰባራ፦

በዚህ ሁሉ ልኬት መድከም ለምን አስፈለገ? ሪንግ የአገራችን አሠራር አይደለም። የድሮውን ሽቦ መዝዞ ማውጣትና በአዲስ መተካት ከሁሉም ይሻላል፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ቤት ሲገጥመኝ የማደርገው እሱን ነው።

የፖሊ ምሩቅ፦

ሽቦ መዝዞ ማውጣት ቱቦው ክፍት ከሆነ ቀላል ነው፤ ካልሆነ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ጤነኛ መዳብ ጥሎ ሌላ መዳብ መግዛትም በዛሬው የገበያ ዋጋ ለቤቱ ባለቤት የሚመከር አይደለም። አዲሱ ሽቦስ ቢሆን በዚያው ውኃ በያዘ ቱቦ ውስጥ ከገባ በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ነው። ስለዚህ ልኬቱ አይቀርም።

ከዶሃ የተመለሱት ወንድማችን ባቀረቡት ምርመራ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከጥገናው በኋላ ሪንጉ በሪንግነቱ ይቀጥል ከተባለ ግን አልስማማም። ሪንግ የተሟላ ሥርዓት የሚሆነው እያንዳንዱ ስፒና በውስጡ 3 ወይም 13 አምፔር ፊውዝ ሲኖረው ነው። 32 አምፔሩ ብሬከር የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ ነው፤ የዕቃውን ቀጭን ገመድ የሚጠብቀው ያ ፊውዝ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሱቅ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ባለ ክብ እግር ስፒና ይዞ ይመጣል፤ ፊውዝ የለውም። እሱን በአንድ ርካሽ ማስማሚያ፣ ይባስ ብሎም በዲቫይደር አድርገን ሪንግ ላይ ስንሰካው፣ ባለ 0.75 የሬዲዮ ገመድ በ32 አምፔር ብሬከር ብቻ ተጠብቆ ተቀምጧል ማለት ነው። ገመዱ ከባድ ዕቃ ስር ተጨፍልቆ ሽቦዎቹ ቢነካኩ ብሬከሩ እስኪወርድ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ጥፋቱ ከታረመ በኋላ ዙሩን መሐል ላይ ለሁለት ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፎች ቦርዱ ላይ በሁለት የተለያዩ ባለ 16 አምፔር ብሬከሮች ማሰር የተሻለ መፍትሔ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድም ሜትር ሽቦ አይጣልም፤ ግድግዳም አይነካም፤ ለወደፊቱም ሽቦ ቢበጠስ ከዚያ በኋላ ያለው ሶኬት ስለሚጠፋ ጥፋቱ ራሱን ያጋልጣል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ የመጨረሻው ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። ፌዙ በተቆረጠበት በዚያው ሶኬት ላይ ኒውትራሉም መቆረጥ አለበት፤ የቦርዱም ጫፎች ፌዝና ኒውትራል ከአንድ ክንድ መሆናቸው በልኬት መረጋገጥ አለበት። አለዚያ የአንዱ ብሬከር ጭነት በሌላው ኒውትራል ይመለስና፣ ወደፊት አንድ ሠራተኛ «ጠፍቷል» ብሎ የፈታው ኒውትራል ይመታዋል። የመሬቱ ሽቦ ተያይዞ ቢቀር ጉዳት የለውም። በተቃራኒው ዙሩን ሳይቆርጡ ሁለቱን ጫፎች በሁለት ብሬከሮች ማሰር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንዱን ብሬከር አውርደው ሶኬቱ ግን ኃይል እንደያዘ ይቀራል። ይህንን ስሕተት በዓይኔ ያየሁት አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው።

ምጣዱ ከዚህ ሁሉ ይውጣ። 13 አምፔር ፊውዝ 16 አምፔርን ወዲያው አይቆርጥም፤ ለረጅም ጊዜ ይታገሠዋል፤ ስፒናውና ሶኬቱ ግን እንጀራ እስኪያልቅ ድረስ ሲግሉ ይቆያሉ። ከቦርዱ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ በኩሽናው ግድግዳ ላይም ፌዙንና ኒውትራሉን አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ይደረግለትና የምጣዱ ገመድ ያለ ስፒና በቀጥታ እዚያ ይታሰር።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ወንድሞቼ፣ ስለ ምክራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሜገር ያለው ባለሙያ እስካገኝ ድረስ ዘግይቼ ነው የተመለስኩት። የፃፋችሁትን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት፤ መጀመሪያ ቅር ያለው መስሎኝ ነበር፤ አንብቦ ሲጨርስ ግን «ወንድምህ ሪንግ ነው ማለቱን ማንም ቢነግረኝ ኖሮ የዛሬ ሥራ ግማሹ አይኖርም ነበር» አለኝ።

ቦርዱ ላይ ጫፎቹ ተፈትተው ሲለኩ ፌዙ 0.41 ኦም፣ የመሬቱ ሽቦ 0.42 ኦም ሆነ፤ ኒውትራሉ ግን ምንም አላነበበም። የኩሽናው ሶኬት ሲፈታ፣ በግራው ብሎን ስር መግባት ከነበረባቸው ሁለት ሽቦዎች አንዱ በጣት ሲነካ ብቻ ወጣ። ጫፉ ጠቁሮ፣ ልባሱ የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ድረስ እንደ ከሰል ሆኖ ነበር፤ ሽቦው ላይ የነበረው ናስትሮም ቀልጦ ተጣብቆ ቆይቷል። ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ሽቦ ስለነበረ የተቃጠለው ተቆርጦ ጤነኛው ክፍል ድረስ ተላጠና አዲስ ሶኬት ላይ ታሰረ። ኒውትራሉ እንደገና ሲለካ 0.41 ሆነ።

ከዚያ ጫፎቹ ተጠላልፈው ሲለኩ አሥሩ ሶኬቶች ከ0.20 እስከ 0.21 ኦም አነበቡ፤ አሥራ አንደኛው ግን 0.31። ከዶሃ የተመለሱት ወንድሜ የጠየቁኝ የበረንዳው ሶኬት ነው! መስመሩን ስገልጽ ከአሥራ አንዱ አንዱ ውጭ መሆኑን መጥቀሱን ረስቼው ነበር። ከሳሎኑ ሶኬት ተቀጥሎ፣ ቱቦው በግቢው ጥቁር አፈር ስር ሰባት ሜትር ያህል ሄዶ በሐይቁ በኩል ባለው ግንብ ላይ ወጥቷል። አፈሩ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ የቱቦውን መጋጠሚያ ከፍቶታል። የሶኬቱ ፊት ሲነሣ ከሳጥኑ ውኃ ፈሰሰ፤ የኒውትራሉ ብሎን አረንጓዴ ሆኗል፤ ጉንዳንም ሠፍሮበታል። መስመሩ በሙሉ ሲለካ ከ0.01 ሜጋኦም በታች የነበረው፣ ይህ ቅርንጫፍ ከሳሎኑ ሶኬት ሲፈታ ከ200 ሜጋኦም በላይ ወጣ።

ኧርዝ ሊኬጁ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ነሐሴን ሙሉ እንደዚያ ሲዘንብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዷል፤ እሱም መብረቅ በነበረበት ሌሊት ነው።

የፖሊ ምሩቁ እንዳሉት ዙሩን በአምስተኛውና በስድስተኛው ሶኬት መካከል ፌዙንም ኒውትራሉንም አስቆርጬ፣ በሁለት ባለ 16 አምፔር ብሬከሮች አሳስሬያለሁ። ምጣዱም የራሱ መስመር ተሠርቶለታል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን እየጋገረች በየመሐሉ ማብሪያውን በእጇ ጀርባ ትዳስሰው ነበር።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ በረንዳው ብቻ ነው፤ ሶኬቱ ስለሚያስፈልገን እንዴት ልመልሰው?

ከዶሃ የተመለሰ፦

እንኳን ደስ ያለዎት። በመብረቅ ሌሊት አንድ ጊዜ መውረዱ አያስጨንቅዎት፤ ያለ መብረቅ ከደገመው ግን ይለካ።

የበረንዳውን አሁን አይንኩት፤ ቅርንጫፉ ሳሎኑ ላይ ሁለቱም ሽቦ እንደተፈታ፣ ጫፉ በሞርሴቶ (በሽቦ ማያያዣ) ተዘግቶ ይቆይ። ጥቅምት ላይ ግንቡ ሲደርቅ በአፈር ስር ያለውን ትተው በበረንዳው ጣሪያ ጠርዝ በኩል በግልጽ ቱቦ ይምጣ፤ ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከታች ይሁን፤ ውኃ በቱቦው ተከትሎ እንዳይገባ። ሶኬቱም ክዳን ያለውና የውጭ ተብሎ የተሠራው ይሁን።

በቦርዱ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የትኛው ብሬከር የትኞቹን ሶኬቶች እንደሚይዝ፣ ዙሩ የተቆረጠበትንም ሶኬት ጨምረው ያስጽፉ። ሶኬቶቹን ያየ የሚቀጥለው ሠራተኛ አሁንም ሪንግ ነው ብሎ እንዳያስብ።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

በማርከር ጽፌዋለሁ፤ ለወንድሜም ፎቶውን ልኬለታለሁ። «አምስተኛው ሶኬት የትኛው ነው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየሶኬቱ ፊት ላይም ቁጥር ተለጥፏል።